መርሕ ሲለወጥ ከፋዩ ማን ነው?

በ1841 የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ምርጫ ያሸነፈው የባለ መሬቱንና የገበሬውን የእህል ዋጋ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ዓመት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰር ሮበርት ፒል፣ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ የሚጥለውን የእህል ሕግ እንዲሻር ራሳቸው ለምክር ቤት አቀረቡ። ከገዛ እንደራሴዎቻቸው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፊት ነሷቸው፤ ሕጉ የተሻረው በተቃዋሚዎቻቸው ድምፅ ነው። ፒል በሰኔ 1846 ከሥልጣን ወረዱ፣ ፓርቲያቸው ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እስከ 1874 ድረስም አብላጫ ወንበር ማግኘት ተሳነው። ከእህል ሕጉ መሻር መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1995፣ ሌበር ፓርቲ በመተዳደሪያ ደንቡ አራተኛ አንቀጽ ከ1918 ጀምሮ ሰፍሮ የኖረውን የጋራ ይዞታ ዓላማ አውጥቶ በሌላ ቃል ተካው። ይህ ከፒል ለውጥ ቢበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም፤ ፒል የሻሩት አንድ ሕግ ነው፣ ሌበር የለወጠው ግን ለምን እንደቆመ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። ሆኖም ሌበር አልተሰነጠቀም። በሁለተኛው ዓመት 418 ወንበር ይዞ መንግሥት መሠረተ። አንዱ ፓርቲ በለውጡ የተሰበረበት፣ ሌላው የጠነከረበት ምክንያት ምንድን ነው?

የተለመደው መልስ ዓላማንና መንገድን ለይቶ የሚያይ ነው። ጥሩ ፓርቲ ዓላማውን ይዞ መንገዱን ይቀይራል፣ መጥፎ ፓርቲ ዓላማውን ራሱን ይጥላል ይባላል። መሪዎችም ሁልጊዜ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ መርሐችንን ለቀናል ብሎ መድረክ ላይ የወጣ የብሪታንያ መሪ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ በዓላማና በመንገድ መካከል ያለው ድንበር የሚሰመረው ለውጡ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ለ1920ዎቹ ሌበር ማዕድኑንና ባቡሩን የሕዝብ ማድረግ ራሱ ዓላማ ነበር፤ ለ1990ዎቹ ሌበር ብዙ ከነበሩት መንገዶች አንዱ ሆነ። ለ1840ዎቹ ወግ አጥባቂ የእህል ሕግ የአገሪቱ ሥርዓት ምሰሶ ነበር፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የመጣው ወግ አጥባቂ ግን ያለዚያ ምሰሶ ቤቱ ቆሞ አገኘው። ስለዚህ እኔ ሌላ መለኪያ እወስዳለሁ። ለውጡ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ሳይሆን ዋጋውን ማን እንደከፈለና ከፋዩ ቀድሞ ተነግሮት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዚህ ጥያቄ ሲፈተሹ ብዙ ነገር ይጠራል።

ከፒል እንጀምር፤ ሰውየው በጥቅሉ ከሃዲ የሚባሉ አይደሉምና። በ1834 በታምዎርዝ ለመራጮቻቸው ባወጡት መግለጫ ሁለት ዓመት ቀድሞ የጸደቀውን፣ ፓርቲያቸው አጥብቆ የታገለውን የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ተቀብለው፣ የቆየው ተቋም ሳይፈርስ የተበላሸው ይጠገናል አሉ። ዘመናዊው ወግ አጥባቂነት ከዚያ ጽሑፍ ይቆጠራል፤ ያንን ለውጥ ፓርቲው በሰላም ዋጠው፣ ምክንያቱም ገና በምርጫ ፊት ቆሞ በግልጽ የተነገረ ነበር። በ1845 መጸው ግን በአየርላንድ ድንች ላይ በሽታ ገባ፣ ረኃብ አንዣበበ፤ ፒልም ከዚያ በፊት በልባቸው ያመኑበትን አሁን ላድርገው ብለው ተነሡ። እንዲያውም በታኅሣሥ ወር ሥልጣን አስረክበው ነበር፤ የተቃዋሚው የዊግ ፓርቲ መሪ ሎርድ ጆን ራስል መንግሥት መመሥረት ስላልቻሉ ተመለሱ። በኢኮኖሚው ረገድ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የርካሽ እህልን ዋጋ የሚከፍለው ባለ መሬቱ ነበር፤ ባለ መሬቱ ደግሞ በ1841 ፒልን ወደ ሥልጣን ያወጣው ሰው ነው። ይህ ሰው የተነገረው ሌላ፣ የተደረገበት ሌላ ሆነ። ኋላ የሊበራሎች መሪ የሆኑትን ግላድስተንን ጨምሮ ከፒል ጋር የወጡት ሰዎች ከጊዜ በኋላ ከዊጎችና ከራዲካሎች ጋር ተዋሕደው በ1859 የሊበራል ፓርቲ መሠረት ሆኑ። ወግ አጥባቂዎቹ ለአንድ ትውልድ የራሳቸውን ምርጥ ሰዎች በተቃራኒ ወንበር ተቀምጠው አዩ።

እዚህ ላይ ወዲያው የሚነሣ ተቃውሞ አለ፦ ዲዝሬሊስ? ፒልን በ1846 በምላሳቸው የቀጠቀጡት ዲዝሬሊ በ1867 ከዚያ የማይተናነስ መገለባበጥ ፈጽመዋል። በ1866 ሊበራሎች ያቀረቡትን መጠነኛ የምርጫ ማሻሻያ ወግ አጥባቂዎች ከሊበራል አፈንጋጮች ጋር ሆነው ጣሉት፤ በዓመቱ የራሳቸው መንግሥት ከዚያ የሰፋ ሕግ አቅርቦ የመራጩን ቁጥር እጥፍ ገደማ አደረሰው። ማንም አስቀድሞ አልተነገረውም። ሦስት ሚኒስትሮች ለቀው ወጡ፤ ፓርቲው ግን አልተሰነጠቀም። ይህ ማስረጃ የእኔን መለኪያ የሚፈትን ነው፣ በቀላሉም ማለፍ አልፈልግም። ልዩነቱ ያለው በከፋዩ ላይ ነው። በ1867 ከወግ አጥባቂው ኪስ የወጣ አንድም ሳንቲም የለም፤ መሬቱ መሬቱ፣ ማዕረጉ ማዕረጉ ሆኖ ቀረ። የከተማ ሠራተኛ ድምፅ ማግኘት ለባላባቱ ስጋት እንጂ የቀረበ ሒሳብ አልነበረም፤ ስጋቱም በ1874 ዲዝሬሊ ባሸነፉ ጊዜ ወደ ተስፋ ተለወጠ። በ1875 የወጡት የሕዝብ ጤናና የሠራተኛ መኖሪያ ቤት ሕጎች ያንን አዲስ መራጭ ለማቀፍ ነበሩ። ከሦስቱ ለቃቂዎች አንዱ፣ ኋላ ሎርድ ሶልስበሪ የተባሉት፣ በተቃወሙት ሕግ ድምፅ ያገኘውን ሕዝብ እየመሩ ሦስት ጊዜ መንግሥት መሥርተዋል። እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ነው መጠየቅ ያለባቸው፦ አለመነገር ብቻውን ፓርቲ አይሰብርም፤ መክፈል ብቻውንም አይሰብርም፤ ሳይነገሩ መክፈል ግን ይሰብራል።

ሊበራሎቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ያደረጉት ከሁሉ የጠለቀ የሐሳብ ለውጥ ይመስለኛል። የግላድስተን ሊበራሊዝም መንግሥት ከሰው ጫንቃ ላይ ይውረድ የሚል ነበር፦ ቀረጥ ይቀነስ፣ ወጪ ይቆጠብ፣ ነጻ ንግድ ይስፋፋ። አዲሶቹ ሊበራሎች፣ ከእነርሱም መካከል ፈላስፋው ሆብሃውስ፣ የተራበና የታመመ ሰው ነጻ ነው ማለት ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ። ነጻነት አልተጣለም፤ ትርጉሙ ሰፋ። በ1908 ሕግ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ጡረታ ተወሰነ፤ በ1911 የሕመምና የሥራ አጥነት መድን መጣ። ገንዘቡን ለማግኘት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ በ1909 ያቀረቡት በጀት ባለጠጋውንና ባለ መሬቱን ነካ፤ የጌቶች ምክር ቤት ሲጥለው ሊበራሎች ወደ ሕዝብ ተመለሱ፤ በ1910 ሁለት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። ተነግሯል፤ ተመክሮበታል፤ ከፋዩም በአብዛኛው የተቃራኒው ወገን ነበር። በዚህ ለውጥ ፓርቲው አልሞተም። የሞተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፦ በጥር 1916 የወጣው የግዴታ ውትድርና ሕግ የሊበራሉን የኅሊና ሰው ልብ ሰበረ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ጆን ሳይመን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሎይድ ጆርጅ በወግ አጥባቂዎች ድጋፍ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አስኲዝን ተክተው ፓርቲውን ለሁለት ከፈሉት። በ1906 ወደ 400 የሚጠጋ ወንበር የነበረው ፓርቲ በ1924 በ40 ቀረ። የጡረታውን ለውጥ የተሸከመው ትከሻ የውትድርናውን መሸከም አልቻለም፣ የውትድርናው ከፋይ የገዛ ልጁ ነበርና።

አሁን ወደ ሌበር ልለፍ፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር ስም ይመጣል። በሌበር ውስጥ ጦርነትን መጥላት ከመነሻው ሥር የሰደደ ነበር። በ1914 ራምዚ ማክዶናልድ ጦርነቱን ተቃውመው የፓርላማ መሪነታቸውን ለቅቀዋል። ከ1932 ጀምሮ የመሩት ጆርጅ ላንስበሪ ደግሞ በክርስትና እምነታቸው ማንኛውንም የጦር ኃይል የማይቀበሉ፣ በምስራቅ ለንደን ድሆች ዘንድ እንደ አባት የሚወደዱ ሽማግሌ ነበሩ። በ1935 መጸው ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ጦር ሲሰበስብ ሌበር በብራይተን ጉባኤ ተቀመጠ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አጥንት የሚሰብር ነበር፦ የመንግሥታት ማኅበር በጣልያን ላይ ማዕቀብ ይጣል ቢል፣ ማዕቀቡም ወደ ጦር ቢያመራ፣ ሌበር ይደግፋል? ላንስበሪ በእንባ ቅርብ ድምፅ አልችልም አሉ። ከግራ ክንፍ ስታፎርድ ክሪፕስ ማኅበሩ ራሱ የከበርቴዎች መሣሪያ ነው ብለው ተቃወሙ። የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ኧርነስት ቤቪን ተነሥተው ላንስበሪ ኅሊናቸውን ይዘው ከስብሰባ ስብሰባ እየዞሩ ምን ላድርገው ማለታቸውን እንዲተዉ በጭካኔ ነገሯቸው። ድምፅ ሲቆጠር ማዕቀቡ በከፍተኛ ብልጫ ተደገፈ። ጉባኤው ሳይበተን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ላንስበሪ በቀናት ውስጥ መሪነቱን ለቀቁ፤ ክሌመንት አትሊ የሚባሉ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ተኳቸው፤ ለሃያ ዓመትም ፓርቲውን መሩ። ይህን ታሪክ በዝርዝር የማነሣው ኢትዮጵያ ስላለችበት ብቻ አይደለም። ሌበር ጦርነትን የመጥላት መርሑን በዚያ ሳምንት አልጣለም፤ ፊት ለፊት ለተጋጠሙ ሁለት መርሖች መንገድ አበጀ። ሰላምን መውደድና ለተጠቃው መድረስ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት በአንድ የመንግሥታት ማኅበር ጥላ ሥር ተቃቅፈው የኖሩ ሐሳቦች ነበሩ፤ ሙሶሊኒ አንዱን ምረጡ አላቸው። ፓርቲውም ምርጫውን በአደባባይ፣ በአባላቱ ፊት፣ መሪውን እስከማጣት በሚደርስ ዋጋ አደረገ። ለውጡ ሙሉ አልነበረም፤ እስከ 1937 ድረስ የሌበር እንደራሴዎች በጦር በጀት ላይ የተቃውሞ ድምፅ መስጠታቸውን ቀጥለዋል። ነገር ግን ከብራይተን የጀመረው መንገድ በ1940 ከቸርችል ጋር ጥምር መንግሥት እስከ መግባት፣ በ1949 ደግሞ ያው ቤቪን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ኔቶን እስከ መመሥረት ዘለቀ። ዛሬ የሌበር የመከላከያ አቋም ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከምንጮቹ አንዱ የአድዋንና የመቀሌን መንገድ ይይዛል።

ከብራይተን ጉባኤ አራት ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ ግን ያው ፓርቲ ተቃራኒውን መንገድ ሄዶ የደረሰበትን እናያለን። በነሐሴ 1931 የማክዶናልድ የሌበር መንግሥት ፓውንድን ከወርቅ ጋር እንደታሰረ ለማቆየት ሲል የሥራ አጥ ድጎማን በአሥር በመቶ እንዲቀንስ ተጠየቀ። ካቢኔው ተከፈለ። ማክዶናልድ ከወግ አጥባቂዎችና ከሊበራሎች ጋር ብሔራዊ መንግሥት መሠረቱ፤ ሌበርም አባረራቸው። ሥራ አጡ ሌበርን ያቆመ ሰው ነበር፤ ሌበር ራሱ ከምጣዱ እንጀራ ያነሣብኛል ብሎ አልጠበቀም። በጥቅምቱ ምርጫ ከ1929 ጀምሮ 287 ወንበር የነበረው ፓርቲ ከ52 በላይ አላገኘም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ያ ሁሉ መሥዋዕት የተጠየቀለት የወርቅ ትስስር መስከረም 21 ቀን 1931 ራሱ ተበጠሰ። ሰማይ አልወደቀም። የሌበር ሰዎች ለትውልድ ያወረሱት ጥርጣሬ ከዚያ ይመነጫል፦ ባለሥልጣን ሌላ አማራጭ የለም ሲል መጀመሪያ የሚመጣባቸው ሐሳብ 1931 ነው።

ወግ አጥባቂዎቹ ከ1945 ሽንፈት በኋላ ያደረጉት ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ በብልሃት የተሠራው ለውጥ ነው። በ1946 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የሚያቋቁመውን ረቂቅ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ነገር ግን ገና በተቃዋሚ ወንበር እያሉ፣ በ1947፣ ራብ በትለር የኢንዱስትሪ ቻርተር የተባለ ሰነድ አዘጋጅተው የመንግሥት የሆኑት የድንጋይ ከሰሉ፣ ባቡሩና የእንግሊዝ ባንክ እንዳሉ ይቀጥሉ ብለው ለፓርቲው ጉባኤ አቀረቡ። የተቃወመ ነበር፤ ተሸነፈ። በ1951 ሲመለሱ ለራሳቸው ደጋፊዎችም ሆነ ለአገሩ ድንገተኛ የሆነ ነገር አልነበረም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ገዙ። በተቃራኒው በዚያው 1951 ሌበር ለኮሪያ ጦርነት ወጪ ሲል ለጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሲጀምር፣ አገልግሎቱን ያቋቋሙት አናይሪን ቤቫን ለቀቁ። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ከፋዩ ግን ሕክምናው ነጻ ነው የተባለ በሽተኛ ነበር፤ ፓርቲውም ለዓመታት በቤቫንና በገንዘብ ሚኒስትሩ በጌይትስኬል ደጋፊዎች ተከፋፍሎ ታመሰ።

አራተኛው አንቀጽም በዚህ መነጽር ይታይ። ሲድኒ ዌብ የጻፈው ያ አንቀጽ ለብዙ ዓመት በአባላት መታወቂያ ላይ ታትሞ ይዞር ነበር። ኋላ የፓርቲው መሪ የሆኑት ጌይትስኬል ከ1959 ሽንፈት በኋላ ሊለውጡት ሞክረው አቃታቸው። ቶኒ ብሌር ያሳኩት ጌይትስኬል ያልነበራቸው ብልጠት ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ አራት ተከታታይ ሽንፈት፣ በ1983ም 27.6 በመቶ ድምፅ፣ ከዚያም የኒል ኪኖክ የዓመታት የፖሊሲ ክለሳ ነበረ። በጥቅምት 1994 ሐሳቡ ተነገረ፤ አባላት በየወረዳቸው ተከራከሩበት፤ ሚያዝያ 29 ቀን 1995 በልዩ ጉባኤ ከድምፁ ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋው ጸደቀ። ሁለት ትልልቅ የሠራተኛ ማኅበራት ተቃውመው ተሸነፉ፤ ነገር ግን ጥለው አልወጡም፣ ተጠይቀዋልና። የብሌር መንግሥት የመጀመሪያ ዓመታት የቀድሞውን መንግሥት የወጪ ጣሪያ ጠበቁ፤ ይህም በማኒፌስቶው ተነግሮ ነበር። ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ የተደነገገው፣ በ1999 በሰዓት 3.60 ፓውንድ ሆኖ የጀመረው፣ በዚያው መንግሥት መሆኑን ግን አራተኛው አንቀጽ ሲነሣ የሌበር ነፍስ ወጣ የሚሉ ሰዎች ይዘነጉታል።

የአውሮፓ ነገር ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባል፣ ሁለቱ ፓርቲዎች ቦታ ተለዋውጠዋልና። በ1973 አገሪቱን ወደ ጋራ ገበያው ያስገቡት ወግ አጥባቂው ኤድዋርድ ሂዝ ናቸው፤ በ1975 ሕዝበ ውሳኔ ማርጋሬት ታቸር ቆይታውን ደግፈው ቀሰቀሱ፤ 67 በመቶ የሚሆነው ሕዝብም እንቆይ አለ። በ1983 እንውጣ የሚል ማኒፌስቶ ይዞ የቀረበው ሌበር ነበር። በመስከረም 1988 የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣክ ዴሎር ለብሪታንያ የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ተናግረው የሠራተኛ መብት በአውሮፓ ደረጃ ይጠበቃል አሉ፤ በዚያው ወር ታቸር በብሩዥ ተነሥተው፣ በአገራችን የገፋነውን መንግሥት ከብራስልስ ተመልሶ እንዲጫነን አንፈልግም የሚል ንግግር አደረጉ። ሁለቱ ፓርቲዎች መርሐቸውን የጣሉ ይመስላሉ። በእኔ ንባብ ግን ሁለቱም መርሐቸውን ጠብቀዋል፤ የተለወጠው አውሮፓ ራሱ ነው። ገበያ ብቻ በነበረ ጊዜ ለነጻ ገበያ ሰዎች ጣመ፣ ለሶሻሊስቶች መረረ፤ የሠራተኛ መብት ሲጨመርበት ጣዕሙ ተገለበጠ። ይህን የሚክድ ሰው መርሕ የሌላቸው ፓርቲዎች በአንድ ወር ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ መዞራቸውን በሌላ መንገድ ማስረዳት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ከአውሮፓ በመውጣት ጉዳይ የመጣው ስብራት፣ በመስከረም 2019 ሃያ አንድ እንደራሴዎች ከወግ አጥባቂው ቡድን እስከ መባረር ያደረሰው፣ የነጻ ገበያ ሰው ራሱ በሁለት የመከፈሉ ውጤት ነው፤ ላንዱ ገበያው አውሮፓ፣ ለሌላው ዓለም ሁሉ ነበር።

ፓርቲ ድምፅ አሳዳጅ ብቻ ነው፣ መርሕ የሚባለው ለምርጫ የሚለበስ ልብስ ነው የሚሉም አሉ። ይህ አባባል ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ማስረጃው አይረዳውም። ድምፅ ብቻ የሚያሳድድ ፓርቲ በ1906 በቀረጥ ጉዳይ ተከፋፍሎ ክፉኛ ከተሸነፈ በኋላ በ1923 ያንኑ ቀረጥ ይዞ ተመልሶ አይሸነፍም፤ ወግ አጥባቂዎቹ ግን እንዲሁ አደረጉ። ድምፅ የሚያሳድድ ፒል የራሱን መንግሥት አያቃጥልም። በሌላ በኩል መርሕ ብቻ ያለ፣ የድምፅ ስሌት የሌለው ፓርቲ እንደሌለ አምናለሁ። እውነቱ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ የሚገናኙ መሆናቸው ነው፤ ያ ሰው መራጩ ነው። መራጩ ፓርቲውን የሚያምነው ለእኔ ይቆማል ብሎ ነው፣ ለመራጩ መርሕ ማለትም ይኸው ነው።

ለዚህ የቅርብ ጊዜው ምስክር ሊበራል ዴሞክራቶች ናቸው። ከ2010 ምርጫ በፊት እጩዎቻቸው የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን እንቃወማለን ብለው ፈረሙ፤ የወጣቱን ድምፅ አገኙ፤ ከወግ አጥባቂዎች ጋር ጥምር መንግሥት ገቡ፤ በታኅሣሥ ያው ክፍያ ጣሪያው ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ ሲል መሪዎቹ ደገፉ፣ 21 እንደራሴዎቻቸው ብቻ ተቃወሙ። ክፍያው ከምረቃ በኋላ በገቢ መጠን የሚመለስ ብድር ስለሆነ የድሃ ልጅ አይጎዳም የሚል ክርክር ነበራቸው፤ ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ግን ሳይነገረው እንዲከፍል የተደረገው ያው ወጣት ነበር። በ2015 ከ57 ወንበር 8 ቀራቸው፤ ለማገገም እስከ 2024 ቆዩ። ሊዝ ትረስ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምረዋል። በ2022 ለወግ አጥባቂው ፓርቲ አባላት ቀረጥ እቀንሳለሁ ብለው በግልጽ ተናግረው 81,326 ድምፅ አግኝተው ነው መሪ የሆኑት። በመስከረም ግን 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚገመት የቀረጥ ቅነሳ በብድር ሲያውጁ ገበያው ተናወጠ፣ የቤት ብድር ወለድ ዘለለ፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ሄዱ። የተነገራቸው አባላቱ ነበሩ፤ የከፈለው ግን በ2019 ሌላ ማኒፌስቶ የመረጠው ባለ ቤት ብድር ነው። በ2024 ፓርቲው በታሪኩ ዝቅተኛ የሆነውን 121 ወንበር ይዞ ቀረ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ይህ መለኪያ ፓርቲ ይተርፋል ወይስ ይሰበራል የሚለውን ይናገር ይሆናል፤ ለውጡ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ግን ዕውር ነው። እውነት ነው። ፒል የተራበ ሰው እያዩ ፓርቲያቸውን ሰብረዋል፣ ባይሰብሩት በሰው ላይ በደል ይሆን ነበር። ከዚያም የባሰ አለ። መለኪያው የሚሠራው ከፋዩ ድምፅ ሲኖረው ብቻ ነው። በኅዳር 1935 የስታንሊ ባልድዊን ብሔራዊ መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር እንቆማለን ብሎ ምርጫ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በተጠናቀቀው የሰላም ድምፅ አሰጣጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ለማኅበሩ ያለውን ድጋፍ ገልጾ ነበርና ቃሉ ሕዝቡ የሚሻው ነበር። ወር ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር በፓሪስ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ተቀምጠው ከኢትዮጵያ ሰፊ ግዛት ቆርሰው ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ስምምነት አበጁ። ወሬው ሲወጣ የብሪታንያ ሕዝብ በቁጣ ተነሣ፣ ሆር ለቀቁ። ነገር ግን በሰኔ 1936 የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሆነው ወደ ካቢኔ ተመለሱ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ፤ በ1938 የጣልያን የኢትዮጵያ ይዞታ ዕውቅና ተሰጠው። ፓርቲው በዚህ አንድም ወንበር አላጣም። የተነገረው ቃል ተጥሷል፤ ከፋዩ ግን በማይጨው የወደቀው ሰው ነበር፣ ለዌስትሚንስተር ድምፅ የሚሰጥ አልነበረም።

ይህ ክፍተት ዛሬም አልተዘጋም። ከብሔራዊ ገቢ 0.7 በመቶ ለውጭ ዕርዳታ መስጠት በ2015 በሕግ ሲጸና ሦስቱም ትልልቅ ፓርቲዎች የጋራ ኩራታችን ብለውት ነበር። በ2021 የወግ አጥባቂው መንግሥት ወደ 0.5 ዝቅ አደረገው። ሌበር በ2024 ሁኔታው ሲፈቅድ ወደ 0.7 እመልሰዋለሁ ብሎ ማኒፌስቶ አወጣ፤ በየካቲት 2025 የኪየር ስታርመር መንግሥት ለመከላከያ ወጪ ሲል ከ2027 ጀምሮ 0.3 እንዲሆን ወሰነ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ ለቀቁ። ያው መንግሥት የጡረተኞችን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ በ2024 ሲቀንስ ጡረተኞቹ ድምፅ ነበራቸውና በ2025 ሰኔ አብዛኛውን መለሰ። የዕርዳታው ቅነሳ አልተመለሰም። በ2010ዎቹ ከብሪታንያ ቀጥተኛ ዕርዳታ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚያገኙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በገጠር ጤና ጣቢያና በሴፍቲኔት የእህል መዝገብ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ያን ማኒፌስቶ አላነበበም፤ ለንደንም አልጠየቀችውም።